የቶሞኤ ኩሩሺማ ሁለት እጆች

ሺጌኖ ቶሞኤን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጫወት ሰማቻት እንጂ አላየቻትም። በደሴቲቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቴኒስ የሚጫወቱት በለስላሳ የላስቲክ ኳስ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ አንዷ መረቡ ሥር ትቆማለች፣ ሌላዋ ከኋላ ሆና ትመታለች። ሺጌኖ ረጅም ስለሆነች መረቡ ሥር፣ ቶሞኤ አጭርና ጉልበታም ስለሆነች ከኋላ ቆሙ። ፊትን አዙሮ ወደ ኋላ ማየት ደግሞ በመምህር ኢሺማሩ ዘንድ ከነውር የሚቆጠር ነበር።

«አንገትሽን ምን ያዞረዋል?» ይጮኹባታል ከዳር ሆነው። «ጓደኛሽ አልጠፋችም! የጠፋች ቀን እኔው እነግርሻለሁ!»

ስለዚህ ሺጌኖ ማየቱን ትታ ማድመጥ ለመደች። የቶሞኤ ጫማ አሸዋውን ሲፍቅ ትሰማለች፤ ትንፋሿ አጠር ሲል ትሰማለች፤ ከዚያ «ጧ!» ይልና ኳሱ ጆሮዋን ታክኮ ያልፋል። የሌሎቹ ልጆች ምት ድምፁ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። የቶሞኤ ግን በነፋስም ሆነ በዝናብ፣ የመጀመሪያውም ኳስ ሆነ መቶኛው፣ አንድ ነበር። አንድ ቀን ይህን ለመምህሩ ብትነግራቸው ራሳቸውን አከክ አከክ አድርገው፣ «ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት» አሏት።

«ለምን?»

«ማሰብ ትጀምራላ!»

ቢነግሯትም የምትኩራራ አልነበረችም። ቶሞኤ ዝምተኛ ናት። ቀልድ ዛሬ ቢነገራት ነገ ነው የምትስቀው፤ ሁሉም ሰው ረስቶት፣ ክፍል ውስጥ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ብቻዋን ፍርፍር ትላለች። አባቷ ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ሽቅብ በተሠራ እርከን ላይ መንደሪን ያለማሉ። ፍሬውን የምታወርድ፣ በአንድ ሐዲድ የምትሄድ ትንሽ ጋሪ አለቻቸው። አባትየው ግን «ጋሪዋ ለመንደሪኑ ናት፣ ሰው እግር አለው» ስለሚሉ፣ ቶሞኤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን የድንጋይ ደረጃ በቀን አራት ጊዜ ስትወጣ ስትወርድ አደገች።

አሥራ ሰባት ዓመት በሞላቸው በጋ ሁለቱ ልጆች የክፍለ ሀገሩን ዋንጫ ማትሱያማ ከተማ ላይ ወሰዱ። በዚያው ሳምንት ሳኤኪ የምትባል የኦሳካ አሠልጣኝ በጀልባ ደሴቲቱ ድረስ መጣች። ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ናት። የቶሞኤ አባት ፊት ተንበርክካ ተቀምጣ፣ ከቦርሳዋ አንድ ቢጫ ጠንካራ ኳስ አውጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

«ዓለም የሚጫወተው በዚህ ነው» አለች። «ልጅዎን ይስጡኝ።»

አባትየው ኳሱን አንስተው እንደ ፍሬ ጨመቅ አደረጉት። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እውነቱን ልንገርዎት? አላውቅም። በዚህ ኳስ የሚጫወቱት በአምስት ዓመታቸው ነው የሚጀምሩት። የእርስዎ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይታለች።»

አባት ኳሱን ምንጣፉ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ የምለቅመውን ዛፍ የተከሉት አባቴ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ቸኩዬ አላውቅም። ይውሰዷት።»

ቶሞኤ በማግሥቱ ከሺጌኖ ጋር ጀልባ ማቆሚያው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ሲቀመጡ፣ «አንቺስ?» አለቻት።

«እኔ ምን?»

«አትመጪም?»

«ሞኝ ነሽ እንዴ? እዚያ ሰው ብቻውን ነው የሚጫወተው አሉ። እኔ ደግሞ ካንቺ በቀር ከኋላዬ ማንም እንዲመታብኝ አልፈልግም። አበቃሁ።»

ሺጌኖ ማትሱያማ ሄዳ የወጌሻነት ትምህርት ተማረች። ጉልበታቸው የደከመ ገበሬዎችን፣ ትከሻቸው የተሰበረ አሣ አጥማጆችን ስታሽና ስታለማምድ፣ ቶሞኤ ዓለምን ትዞር ጀመር። ከየአገሩ ፖስት ካርድ ትልካለች። ጽሑፉ ሁልጊዜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ተሸነፍኩ። ሾርባው ጥሩ ነው።» «አሸነፍኩ። ሾርባው አይረባም።» ሺጌኖ ካርዶቹን በሐኪም ቤቱ ማሠልጠኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ በሽተኞቹም በእነሱ መከራከር ለመዱ። «ይህቺ ልጅ ሾርባው ሲጥም ነው የምትሸነፈው ወይስ ስትሸነፍ ነው ሾርባው የሚጥማት?» ይላሉ አንዱ ሽማግሌ።

አራት ዓመት «ተሸነፍኩ» በዛ። ከዚያ ካርዶቹ ቀስ እያሉ ተገለበጡ። በሃያ አራት ዓመቷ ከዓለም ምርጥ መቶዎቹ ውስጥ ገባች። በሃያ ስድስት ዓመቷ እንግሊዝ አገር በሣር ሜዳ ላይ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሳ ሃያ ሦስተኛ ሆነች። የምትመታው አሁንም እንደ ደሴቲቱ ልጆች ነው፤ ቀኙንም ግራውንም በራኬቱ በአንድ ፊት፣ ከትከሻ በላይ ጠምዝዛ። የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን አመታት ምን ብለው እንደሚጠሩት ይቸግራቸው ነበር። ሺጌኖ ስትመታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያየቻት ያን ጊዜ፣ በቴሌቪዥን ነው። «ለካ እንዲህ ኖሯል የሚመስለው» አለች ለብቻዋ። «ለካ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነው የምትመታው።»

በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በአንድ ሞቃት ቀን፣ የቀኝ እጇ አንጓ ጅማት ተበጠሰ። ሺጌኖ በሐኪም ቤቱ ቴሌቪዥን አየችው። ቶሞኤ ሩቅ ኳስ ደርሳ መታች፤ ኳሱም ገባ፤ ራኬቱ ግን ከእጇ ወደቀ። በግራዋ አንስታ ወደ ቀኟ አዛወረችው። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ልታነሣ ስታጎነብስ ሺጌኖ ወጌሻ ናትና ያየችውን ስላወቀች ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ምን ሆነሻል? እያየን እኮ ነው!» አሉ ሽማግሌው።

«ከእንግዲህ የሚታይ ነገር የለም» አለች።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በሦስተኛው ጊዜ አጥንቱን በብረት አያያዙት። ሐኪሙ ሺጌኖ ባለችበት ነበር የነገራት።

«በመመገቢያ እንጨት ይበላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ልጅም ቢወልዱ ያቅፉበታል። ራኬት ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ በኃይል ቢመቱበት ብረቱ ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ጽዋ ማንሣትም ይቀራል።»

ቶሞኤ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። ጋዜጦቹ «ደኅና ሁኚ» ብለው ጻፉላት፤ አንዳንዶቹ አልቅሰውላታል። እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ደሴቲቱ ገባች። ደሴቲቱን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው ድልድይ በዚያው ዓመት ተመርቆ ጀልባው ቆሞ ስለነበር የገባችው በአውቶቡስ ነው።

ሺጌኖ ልትጠይቃት የሄደችው በኅዳር፣ የመንደሪን ለቀማ በደራበት ሰሞን ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ሦስቴ ተቀመጠች። ቶሞኤ ባርኔጣ አድርጋ ዛፍ ሥር ቆማለች። ፍሬው የሚቆረጠው በትንሽ መቀስ ነው፤ ቀኝ እጇ መቀሱን መጭመቅ ስላቃተው በግራዋ ትቆርጣለች። ጭ፣ ጭ፣ ጭ። እጁ ሳያይ ያገኛል፣ ሳይጎዳ ይቆርጣል፣ ሳይጥል ያስቀምጣል።

«መቼ ለመድሽ?» አለቻት ሺጌኖ።

«በመጀመሪያው ሳምንት ጣቴን ነበር የምቆርጠው። አሁን ከአባባ እቀድማለሁ።»

«ውሸቷን ነው» አሉ አባቷ ከላይኛው እርከን።

ቶሞኤ ከሣጥኑ የበሰበሰ መንደሪን መረጠች። ከታች፣ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በእርከኑ ግንብ ላይ አንዲት ነጭ ድንጋይ አለች። በግራዋ ወረወረች። ድንጋይዋ ብርቱካናማ ሆነች። ሁለተኛ ወረወረች፤ ያው ድንጋይ። ሦስተኛ፤ ያው። ሺጌኖ ያን ጊዜ ነው ግንቡን ልብ ብላ ያየችው፤ በነጯ ድንጋይ ዙሪያ ያለው ሁሉ በደረቀ ጭማቂ ጠቁሯል። በሺህ የሚቆጠር የሳተ መንደሪን ነበር።

«ቶሞ» አለች በቀስታ። «ምን እያሰብሽ ነው?»

«ሰርቭ፣ ያ የመክፈቻው ምት፣ እንደ መወርወር ነው አይደል? መምህር ኢሺማሩ እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

«ግራ ገብቶሻል!»

«ግራ ገብቶኝ አይደለም፣ እኔ ነኝ ግራዬን የገባሁበት» አለች ቶሞኤ፤ በሕይወቷ ሺጌኖ የሰማችው የመጀመሪያ ቀልዷ ይህ ነው። «አንቺ ወጌሻ ሁኚኝ። ይህቺ ክንድ እንዳትሰበር ጠብቂልኝ።»

«አልሆንም። አንዱን እጅሽን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ ቀብር አልቆምም።»

«እሺ» አለች ቶሞኤ፤ መቀሱንም አነሣች። ጭ፣ ጭ።

ሺጌኖ ተቆጥታ ልትሄድ ነበር። አውቶቡስ የሚነሣው ግን አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ቶሞኤ ወደ ቀድሞው ጀልባ ማቆሚያ ስትወርድ ተከትላት ወረደች። መምህር ኢሺማሩ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ከባልዲ ኳስ እያነሡ ይወረውሩላታል፤ እሷም በግራዋ ወደ ባዶው ትኬት መቁረጫ ቤት ግድግዳ ትመታለች።

በዓለም ላይ ሃያ ሦስተኛ የነበረች ሴት ኳስ ትስታለች። ስታ ስታ፣ የነካችው ኳስ ባሕር ይገባል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይሥቃሉ።

«አክስቴ! ራኬቱ በዚያኛው እጅ ነው!»

«አክስቴ፣ አሣ እያጠመድሽ ነው?»

ቶሞኤ ትሰማቸዋለች። ላቧን ጠርጋ፣ «ይህኛውስ እንዴት ነበር?» ትላቸዋለች፤ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። አንዱ ልጅ «በጣም ዘገየሽ» ይላታል። «እውነትህን ነው፣ ዘግይቻለሁ ልጄ» ትልና እንደገና ትቆማለች።

ሺጌኖ ቆማ አየች። አንድ ሰዓት አየች፣ ሁለት ሰዓት አየች። በቀኝ እጅ ያን ሁሉ ያደረገች ሰው እንደ አምስት ዓመት ሕፃን ለመሳቂያነት ራሷን አሳልፋ ስትሰጥ፣ ሌላው ቀርቶ ፊቷ እንኳ አይቀላም። ሺጌኖ ያደረባት ፍርሃት ይሁን አክብሮት መለየት አልቻለችም። አውቶቡሱ አመለጣት።

በሚቀጥለው ወር ሐኪም ቤቱን ለቀቀች።

ሥራው አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። ግራ ክንድ ጅማቱ ለመንደሪን እንጂ ለራኬት አልተሠራም፤ ሺጌኖ በየማታው ታሸዋለች፣ በየሳምንቱ ሁለት ቀን በግድ ታሳርፈዋለች። «ዛሬ ብትነኪው ሄጃለሁ» ትላታለች። ቶሞኤ በዕረፍቷ ቀን ደረጃውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ድሮ በቀኟ ትመታው የነበረውን ምት ሁሉ በግራዋ እንደ አዲስ ተማረችው። ሰርቭ ሲሆን ኳሱን ወደ ላይ የሚወረውረው ቀኝ እጅ ሆነ፤ ያ ዓለምን ያሸነፈ እጅ አሁን ሎሌ ሆኖ ኳስ ያቀብላል።

በሠላሳ አንድ ዓመቷ ሂሮሺማ ውስጥ ማንም ሊመዘገብበት በሚችል ውድድር ተመዘገበች። የደረሰቻት ማሂሮ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ጥርሷ ላይ ሽቦ ያሰረች። ልጅቷ ቶሞኤን ሁለቱንም ክፍለ ጨዋታ ስድስት ለባዶ አሸነፈቻት። ሃምሳ ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ እጅ ለመጨባበጥ መረቡ ጋ ስትመጣ ታለቅስ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እናቴ ማን እንደሆኑ የነገረችኝ አሁን ነው። ባውቅ ኖሮ…»

«ብታውቂ ትለቂልኝ ነበር?»

ማሂሮ አሰበች። «አይ» አለች።

«ጥሩ። በሚቀጥለው ወር ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች ቶሞኤ፣ ለልጅቷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

በሚቀጥለው ወር ስድስት ለባዶ፣ ስድስት ለአንድ ተሸነፈች። ስትመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ያቺን አንዲት ጌም ለሺጌኖ ነጥብ በነጥብ ተረከችላት። በሦስተኛው ወር ሦስት ጌም አገኘች። በሰባተኛው ወር አሸነፈች፤ ያን ዕለት ማሂሮ አላለቀሰችም፤ ተናዳ ራኬቷን ቦርሳ ውስጥ ወርውራ ስታበቃ ተመልሳ መጥታ፣ «ያ የግራ ሰርቭዎ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ አስቀያሚ ነው» አለቻት። ቶሞኤ ይህን ከዋንጫ ሁሉ አስበልጣ ለሺጌኖ ደጋግማ አወራችላት።

ከዚያ መንገዱን እንደገና ከሥሩ ጀመረች። ተመልካች የሌለበት ሜዳ፣ ኳስ የሚለቅም ሰው የሌለበት ውድድር፣ በሌሊት ባቡር ሄዶ በጠዋት ማጣሪያ መጫወት። ይህን ሁሉ በሃያ ዓመቷ አልፋዋለች። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ አታውቅም ነበር፤ አሁን ርቀቱን እያወቀች እንደገና ተነሣች። ሺጌኖ ዘወትር የሚገርማት ይህ ነው። ፖስት ካርድ አልተላከም፤ ሾርባውን አብረው ጠጡት።

በሠላሳ አራት ዓመቷ በመስከረም፣ ቶኪዮ ውስጥ ሦስት የማጣሪያ ጨዋታ አሸንፋ ወደ ትልቁ ውድድር ገባች። የመጀመሪያው ዙር ዕጣ ከዓለም ዘጠነኛ ከሆነች ስሎቫክ ተጫዋች ጋር ጣላት፤ የሃያ አንድ ዓመት፣ ከቶሞኤ በአንድ ክንድ የምትረዝም። ሕዝቡ የመጣው አንድም ለስሎቫኳ ነው፣ አንድም ለአሮጊቷ አጨብጭቦ ለመሸኘት ነው። ከሺጌኖ ጀርባ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ለሚስቱ፣ «አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ከዚያ ምሳ እንበላለን» ሲላት ተሰማ።

ቶሞኤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጨዋታ ሰባት ለአምስት ወሰደች። ሁለተኛውን ስድስት ለአንድ አጣች። በሦስተኛው አምስት ለአራት መርታ ለመጨረስ ሰርቭ ልትመታ ስትቆም፣ ያ ሰውዬ ምሳውን ረስቶታል።

አንድ ነጥብ አገኘች፣ አንድ አጣች፣ እንዲህ እያለች ጌሙን ለማጣት አንዲት ነጥብ ቀራት። ኳሱ ተመላለሰ፤ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ከዚያ ስሎቫኳ ወደ ቶሞኤ ቀኝ፣ መሥመሩን ታክኮ ወደ ጥግ የሚሄድ ኳስ መታችባት። ለግራ እጅ የማይደረስበት ኳስ ነው። ለቀኝ እጅ ግን፣ ለዚያ ለድሮው ቀኝ እጅ፣ የሚወደው ኳስ ነበር፤ በዚያ ጥግ ላይ ስንቱን ሰው አሸንፎበታል።

ቶሞኤ እየሮጠች ሳለ ቀኝ እጇ ወጣ። ሺጌኖ አየችው። መዳፉ ተከፍቶ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ራኬቱን ሊቀበል ወደ ግራው ሄደ። ያሰበው እሱ ነው፤ ቶሞኤ አላሰበችውም። ሺጌኖ ከመቀመጫዋ ዘለለች። ብረቱ፣ ሐኪሙ ያለው፣ ጽዋው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት። አንድ ምት ብቻ ነው። አንድ ምት ቢመታ ነጥቡ የቶሞኤ ነው።

ቶሞኤ ያንን የተዘረጋ እጅ አጥፋ፣ ሰው ከመንገድ ላይ የሮጠ ሕፃን እንደሚመልስ፣ ቀስ ብላ ወደ ደረቷ መለሰችው። ኳሱ አለፈ። አምስት እኩል ሆኑ።

ሕዝቡ «ኤ…ጭ!» ብሎ ተነፈሰ። ምን እንዳየ አላወቀም። በዚያ ሁሉ አሥር ሺህ ሰው መካከል ያወቀችው ሺጌኖ ብቻ ነበረች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ብዙ የተሸነፈ ሰው አይታለች፣ ብዙ ያሸነፈም አይታለች። የሚያሸንፍበትን ነገር በእጁ ይዞ፣ እየሮጠ፣ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ «ይቅር» የሚል ሰው ግን አይታ አታውቅም።

ቶሞኤ ሰርቭ ልትቀበል ስትሄድ ወደ ሺጌኖ ተመለከተች። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ትናንት የተነገረ ቀልድ ሲገባት የምታሳየው ዓይነት። ከዚያ ሁለት ጌም በተከታታይ ወሰደች። የመጨረሻውን ኳስ ስሎቫኳ መረቡ ላይ ስትሰቅለው አሥር ሺህ ሰው ብድግ አለ። ከኋላ ያለው ሰውዬ የማያውቃትን ሺጌኖን ትከሻዋን ይዞ ይነቀንቃት ነበር። «አየሽ? አየሽ?» ይላታል።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሺጌኖ በረዶውን ስታስር፣ ቶሞኤ፣ «ጠየቀኝ እኮ» አለቻት።

«ማን?»

«ቀኙ። ‹ይቺን ለኔ ስጪኝ› አለኝ።»

«እሺ፣ አንቺስ ምን አልሽው?»

«‹አንተ ጡረታ ወጥተሃል› አልኩት።»

ሺጌኖ ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

ቶሞኤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተጫወተች። በግራ እጇ እስከ ስልሳ አንደኛ ደረሰች፤ ከዚያ በላይ አልሄደችም። ጉልበቷ ደከመ፣ ወገቧም። በሠላሳ ሰባት ዓመቷ በዚያው በቶኪዮ በሁለተኛው ዙር ተሸንፋ፣ ከጋዜጠኞች ፊት ተቀምጣ ማቆሟን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ እጁን አወጣ።

«የቀኝ እጅዎና የግራ እጅዎ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?»

ቶሞኤ በጥያቄው ላይ ብዙ አሰበች። ሰው ሁሉ ብዕሩን አሹሎ ትልቅ ቃል ጠበቀ።

«ቀኙ» አለች። «በሰፊው።»

አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ። እሷ ምን እንዳሳቃቸው ስላልገባት ሺጌኖን ዘወር ብላ አየቻት።

ከዚያ ወደ ወጌሻ ክፍል ሄዱ። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል፤ ከውጭ የሌላ ሰው ጨዋታ ጭብጨባ ይሰማል። ቶሞኤ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ ሺጌኖም ሥራዋን ጀመረች፣ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ አንጓ። ቶሞኤ ሁለት ቃል ሳትናገር እንቅልፍ ወሰዳት።

ሺጌኖ ሁለቱን እጆች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ አየቻቸው። ቀኙ ቀጥኗል፤ በአንጓው ላይ ሦስት ጠባሳ አለ። ግራው ወፍሯል፤ መዳፉ እንደ ቆዳ ደርቋል፤ በሌባ ጣቱ ላይ የመንደሪን መቀስ የፋቀው ነጭ መስመር ይታያል። ከሃያ ዓመት በላይ ታውቃቸዋለች። የዚህችን ሴት ጅማት ሁሉ በጣቷ ቆጥራዋለች፤ ግን ያ እንደገና የሚያስነሣት ነገር የት ውስጥ እንዳለ አላገኘችውም። በየትኛው ጡንቻ፣ በየትኛው አጥንት ውስጥ ነው? ማሸቱን ተወችው። እንዲሁ ቆማ ቀረች።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ባልዲ የያዙ የጽዳት ሠራተኛ ሴትዮ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል።

«ጨርሳችኋል? ወለሉን ላጽዳ?» አሉ።

«ተኝታለች» አለች ሺጌኖ በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ አልጋው ላይ ያለችውን አዩ፤ ማን እንደሆነችም አወቁ። ባልዲውን ድምፅ እንዳያሰማ አድርገው መሬት አስቀመጡት። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የትኛው እጅ ነው?» አሉ።

«ይሄኛው» አለች ሺጌኖ ግራውን እያሳየች።

ጠጋ ብለው አዩት። ሊነኩት አልደፈሩም። «እንደ ማንም ሰው እጅ ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ» አለች ሺጌኖ። «እንደ ማንም ሰው እጅ ነው።»

ሴትዮዋ ለተኛችው ሴት ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ባልዲያቸውን አንሥተው ወጡ፤ «ጽዳት ላይ ነን፣ አይግቡ» የሚለውን ቢጫ ማስታወቂያቸውንም ከውጭ በሩ ፊት አቁመውት ሄዱ።